ድረ ገጽ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ሻጩ የሚሸጠው የራሱን ነው?

በ2006 ፒቱፒ ነጥብ ኮም የሚባል የኢንተርኔት አድራሻ ተሰረቀ። ሌባው የባለቤቶቹ አካውንት ውስጥ ገባ፣ አድራሻውን ወደ ራሱ አዞረ፣ ከዚያ ኢቤይ ላይ አውጥቶ ሸጠው። የገዛው ሰው በወቅቱ የኤንቢኤ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች የነበረው ማርክ ማድሰን ነው። ከ110 ሺህ ዶላር በላይ ከፍሏል። ሌባው በ2009 ተያዘ፣ በ2011 ደግሞ የ5 ዓመት እስራት ተፈረደበት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩን ያስቀደምኩት ሽያጩ በጓሮ የተደረገ ስላልሆነ ነው። በአደባባይ ነው የተሸጠው። ዋጋ ተከፍሎበታል፣ ርክክብም ተደርጓል። ከውጭ ለሚያየው ሰው ምንም የሚያጠራጥር ነገር የለውም። ግን በብዙ አገር ሕግ ሌባ የሰረቀውን ነገር ባለቤትነት ለሌላ ሰው ማስተላለፍ አይችልም። ገዢው ንጹህ ሰው መሆኑ፣ ገንዘቡንም በሐቅ መክፈሉ ብቻውን አያድነውም።

ዝግጁ ድረ ገጽ መግዛት ዛሬ የተለመደ ሥራ ሆኗል። ከዜሮ ከመጀመር አንባቢ ያለው፣ ገቢ የሚያስገባ፣ ጉግል ላይ ከፊት የሚታይ ነገር መግዛት ያዋጣል የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ተሳስተዋል አልልም። የሚያሳስበኝ ገዢው የሚያጣራው ነገር ነው። ሻጩ የጎብኚ ቁጥር ያሳያል፣ የወር ገቢ ያሳያል፣ ገዢው ገንዘቡ በስንት ወር እንደሚመለስ ያሰላል። "ይህ ነገር በእርግጥ የአንተ ነው ወይ?" የሚለው ጥያቄ ወይ ጨርሶ አይነሳም፣ ወይ ከተከፈለ በኋላ ይነሳል። ያኔ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ጥያቄው ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። ድረ ገጽ አንድ ዕቃ ይመስላል እንጂ ብዙ ነገር በአንድ ላይ የታሰረበት ነው። አድራሻው ወይም ዶሜይኑ አንድ ነገር ነው። ጽሑፉ ሌላ ነው፣ ፎቶው ሌላ፣ ኮዱና ዲዛይኑ ሌላ፣ ሎጎው ሌላ፣ የደንበኞች ዝርዝር ሌላ፣ ገቢ የሚያመጣው የማስታወቂያ አካውንት ደግሞ ሌላ። እያንዳንዱ የራሱ ባለቤት ሊኖረው ይችላል። ሻጩ የአንዱ ባለቤት ሆኖ ለሌላው ባዳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ "የአንተ ነው ወይ?" የሚለውን በየክፍሉ እየደጋገማችሁ ነው የምትጠይቁት።

ዶሜይኑ በማን ስም ነው?

ዶሜይን እንደ መሬት ወይም እንደ መኪና ተገዝቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። በክፍያ የሚታደስ የመጠቀም መብት ነው። ነጥብ ኮምና መሰሎቹ በአንድ ጊዜ ቢበዛ ለ10 ዓመት ነው የሚመዘገቡት። ክፍያው ሲቋረጥ መብቱም ይቋረጣል። ይህ ማለት ግን አይሰረቅም ማለት አይደለም። በ2003 አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሴክስ ነጥብ ኮም በሚባለው አድራሻ ጉዳይ፣ ዶሜይን ያለአግባብ ሊወሰድ የሚችል ንብረት ነው ብሎ ወስኗል። ጋሪ ክሬመን በ1994 ያስመዘገበው ያ አድራሻ በ1995 የተወሰደበት በአንድ የሐሰት ደብዳቤ ነበር። መዝጋቢው ድርጅት ደብዳቤውን አምኖ ስሙን አዞረ። ክሬመን ለማስመለስ ዓመታት ፈጀበት።

እዚህ ላይ በጣም የሚምታታ ነገር አለ። አካውንቱ ውስጥ መግባት መቻልና የዶሜይኑ ሕጋዊ ያዥ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ ዶሜይኑን ለሥራ እንዲያመቸው ብሎ በራሱ አካውንት አስመዝግቦት ሊሆን ይችላል። ከሥራ የወጣ ሠራተኛ ፓስወርዱን ይዞት ሊሆን ይችላል። ሁለት ጓደኛሞች አብረው ጀምረው አንዱ ብቻውን ሊሸጠው ተነስቶ ሊሆን ይችላል። ፓስወርድ ያለው ሰው ሁሉ ባለቤት አይደለም። በምዝገባው ላይ የድርጅት ስም የሚሞላበት ቦታ ላይ ስም ካለ ደግሞ፣ በነጥብ ኮምና በመሰሎቹ አሠራር ሕጋዊው ያዥ ድርጅቱ ነው እንጂ ከስሙ ጎን የተጻፈው ግለሰብ አይደለም። ያን ጊዜ የምታወሩት ሰው ድርጅቱን ወክሎ መሸጥ እንደሚችል የሚያሳይ ውክልና ወይም የድርጅቱ ውሳኔ በጽሑፍ መምጣት አለበት። ሥራ አስኪያጅ ነኝ ማለት ብቻውን አይበቃም።

ድሮ ይህን ማየት ቀላል ነበር። ሁይዝ በሚባለው መዝገብ ማንም ሰው የዶሜይን ስም አስገብቶ የያዡን ስም፣ ኢሜይልና ስልክ ያገኝ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ፣ ጂዲፒአር የሚባለው፣ ግንቦት 25 ቀን 2018 ሥራ ላይ ሲውል ግን አብዛኞቹ መዝጋቢዎች ስሙን ሸፈኑት። ከጥር 2025 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ለነጥብ ኮምና ለመሰሎቹ ሁይዝ ቦታውን አርዲኤፒ ለሚባል አዲስ ሥርዓት ለቋል። በዚህም ቢሆን ስሙ በአብዛኛው ተሸፍኖ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሻጩ "ሄደህ መዝገቡን እይ" ካላችሁ ምንም ማስረጃ አልሰጣችሁም። ማስረጃውን ማምጣት ያለበት እሱ ነው።

መዝገቡ ግን ዛሬም ዝም አይልም። መቼ እንደተመዘገበ፣ መቼ መጨረሻ እንደተነካ፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ የትኛው መዝጋቢ ጋ እንዳለ ይናገራል። ሻጩ "ላለፉት 8 ዓመታት እየሠራሁበት ነው" ሲል ዶሜይኑ ከ3 ሳምንት በፊት ወደ ሌላ መዝጋቢ የተዛወረ ከሆነ፣ ጥያቄ አላችሁ ማለት ነው። መልሱ ንጹህ ሊሆን ይችላል። ዋጋ ረክሶለት ቀይሮ ሊሆን ይችላል። ግን ሳይጠየቅ አይታለፍም፤ የተሰረቀ ዶሜይን በቶሎ ተዛውሮ በቶሎ ነው የሚሸጠው። ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከገበያው በታች ነው፤ ሌባ አይከራከርም።

ሻጩን ምን ትጠይቁታላችሁ? ስክሪንሾት አትቀበሉ። ስክሪንሾት በ5 ደቂቃ ይቀየራል። በቪዲዮ ጥሪ እያያችሁት ወደ መዝጋቢው አካውንት ይግባ፣ የያዡን ስም የሚያሳየውን ገጽ ይክፈት፣ ገጹንም ዓይናችሁ እያየ ያድሰው። ከዚያ እናንተ የመረጣችሁትን አንድ ዓረፍተ ነገር የዶሜይኑ ቅንብር ውስጥ እንዲጨምር ጠይቁት። ይህን ከውጭ ሆናችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ፤ ቢያንስ ዶሜይኑን በእጁ እንደያዘው ያሳያል። ባለቤትነትን ለማየት ደግሞ ያለፉት ዓመታት የእድሳት ደረሰኞች ይጠቅማሉ። ዓመት በዓመት ማን ነው የከፈለው? በማን ካርድ? እሱ ራሱ ከሌላ ሰው ገዝቶት ከሆነ ደግሞ ያንን የግዢ ውል ይዞ ይምጣ። እውነተኛ ባለቤት እንዲህ ያለ ወረቀት ኢሜይሉ ውስጥ አለው። ደስ ላይለው ይችላል፣ ግን ያመጣዋል።

የአገር ኮድ ያላቸው አድራሻዎች የየራሳቸው ደንብ አላቸው። የአውሮፓ ኅብረት አድራሻ የሆነውን ነጥብ ኢዩን ለመያዝ ከኅብረቱ ጋር የዜግነት፣ የመኖሪያ ወይም የድርጅት ግንኙነት ያስፈልጋል። ብሪታንያ ከኅብረቱ ስትወጣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የብሪታንያ ነጥብ ኢዩ አድራሻዎች በ2021 መጀመሪያ ታግደዋል። ሻጩ የመያዝ መብት ኖሮት እናንተ ላይኖራችሁ ይችላል። ከመክፈል በፊት ደንቡን ማንበብ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ስሙ የሌላ ሰው ምልክት ከሆነ

ዶሜይኑ በእርግጥ የሻጩ ሆኖ ተገኘ እንበል። አሁንም አልተጨረሰም። ስሙ የሌላ ድርጅት የንግድ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ዩዲአርፒ የሚባል በ1999 የተዘረጋ የክርክር ሥርዓት አለ። ነጥብ ኮምን ጨምሮ አብዛኞቹን ዓለም አቀፍ አድራሻዎች ይመለከታል። ዶሜይን ያስመዘገበ ሰው ሁሉ፣ ያንብበውም አያንብበው፣ በምዝገባ ውሉ ውስጥ ተስማምቶበታል። የንግድ ምልክት ባለቤቱ ሦስት ነገር ካስረዳ ዶሜይኑን ይወስዳል፦ ስሙ ከምልክቱ ጋር አንድ ነው ወይም ያምታታል፣ ያዡ በስሙ ላይ መብትም ሕጋዊ ጥቅምም የለውም፣ የተመዘገበውና የተሠራበትም በክፉ ልቦና ነው። የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት እንዲህ ያለውን ክስ በአንድ ዳኛ ለማየት፣ ከ1 እስከ 5 ለሚሆኑ ዶሜይኖች 1,500 ዶላር ያስከፍላል። ለትልቅ ድርጅት ይህ ምንም ማለት አይደለም። የፍርድ ቤት ክርክርን ያህል ዋጋ የለውም፣ ስለዚህም በቀላሉ ይከፈታል።

ብዙ ገዢ የማያውቀው ነገር አሁን ይመጣል፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙ። በዚህ ሥርዓት ዳኞች ዶሜይን ሲሸጥ ግዢውን እንደ አዲስ ምዝገባ ነው የሚቆጥሩት። ይህ ምን ማለት ነው? ሻጩ ስሙን በ2005 አስመዘገበ እንበል። በዚያን ጊዜ የንግድ ምልክቱ አልነበረም። ምልክቱ በ2012 መጣ፣ ታዋቂም ሆነ። ሻጩ ላይ ክስ ቢመጣ "እኔ ሳስመዘግብ እናንተ አልነበራችሁም" ብሎ ይከራከራል፣ በአብዛኛውም ይረታል። እናንተ ግን ዛሬ ብትገዙት የእናንተ ልቦና የሚመዘነው በገዛችሁበት ቀን ነው። በዚያ ቀን ምልክቱ አለ፣ ታዋቂም ነው። የሻጩ 20 ዓመት ወደ እናንተ አይተላለፍም። "አሮጌ ዶሜይን ነው፣ እስከዛሬ ማንም አልጠየቀውም" የሚለው የሻጭ ማባበያ ለእሱ እውነት ነው፣ ለእናንተ ግን ዋስትና አይሆንም።

በዩዲአርፒ ብትሸነፉ የምታጡት ዶሜይኑን ነው፤ የገንዘብ ካሳ አይፈረድባችሁም። የአሜሪካ ሕግ ግን ከዚያ ይከብዳል። በ1999 የወጣው የሳይበር ስም ነጠቃን የሚከለክለው ሕግ ፍርድ ቤት በአንድ ዶሜይን ከ1,000 እስከ 100,000 ዶላር ካሳ እንዲወስን ይፈቅዳል። ስለዚህ ስሙን ሥራው በሚሸጥባቸው አገሮች የንግድ ምልክት መዝገቦች ውስጥ ፈልጉት። የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት በነፃ የሚፈለግበት ትልቅ የምልክቶች ማውጫ አለው። አጻጻፉ የሚመስለውንም፣ ድምፁ የሚቀራረበውንም ፈልጉ። ሻጩንም በጽሑፍ ጠይቁት፦ በዚህ ስም ምክንያት ከማንም የመጣ ደብዳቤ፣ ማስጠንቀቂያ ወይም ክስ አለ? በጽሑፍ "የለም" ያለ ሰው በኋላ ሲዋሽ ከተገኘ የምትይዙት ነገር አላችሁ።

ጽሑፉን ማን ጻፈው? ፎቶውንስ?

"1,200 ጽሑፎች አሉት" ይላል ማስታወቂያው። ጥሩ። የማን ናቸው?

የቅጂ መብት በዋናው መርህ የደራሲው ነው። በ1886 የተፈረመው የበርን ስምምነትና እሱን የተከተሉት ሕጎች መብቱ ምዝገባ ሳይጠይቅ፣ ሥራው እንደተፈጠረ ወዲያው እንዲወለድ አድርገዋል። ተቀጣሪ በሥራው የጻፈው በብዙ አገር የአሠሪው ሊሆን ይችላል። በየጽሑፉ እየተከፈለው የጻፈ ነፃ ጸሐፊ ግን ሌላ ነገር ነው። ገንዘብ መክፈል ብቻ መብቱን አያዞርም። በአሜሪካ ሕግ ለምሳሌ የቅጂ መብት ሙሉ በሙሉ የሚተላለፈው መብቱን ያለው ሰው በፈረመበት ጽሑፍ ነው። ሻጩ ላለፉት ዓመታት ለ15 ጸሐፊዎች በቴሌግራም "ይህን ጻፍልኝ፣ ይህን ያህል እከፍላለሁ" እያለ ሠርቶ ከሆነ፣ በእጁ ያለው የመጠቀም ፈቃድ እንጂ የሚሸጠው መብት ላይሆን ይችላል። ከጸሐፊዎቹ ጋር የተፈረመ ነገር ካለ ይታይ። ከሌለ ደግሞ ከሽያጩ በፊት ሻጩ ራሱ ዞሮ ያስፈርም። ከሽያጩ በኋላ ማንም አይዞርላችሁም።

አሁን ደግሞ አዲስ ጥያቄ መጥቷል። ጽሑፎቹን የጻፋቸው ሰው ነው ወይስ ማሽን? የአሜሪካ የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት በጥር 2025 ባወጣው ሪፖርት፣ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ትእዛዝ መስጠት ብቻውን የቅጂ መብት አያሰጥም ብሏል። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የቅጂ መብት የሰው ደራሲ እንደሚፈልግ አጽንቷል። ለገዢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልብ በሉ። ማሽን ብቻውን የጻፋቸውን 1,200 ጽሑፎች ብትገዙ፣ ተወዳዳሪያችሁ በነጋታው እንዳለ ቢገለብጣቸው የምትከሱበት መብት ላይኖራችሁ ይችላል። እንዲህ ያለ ድረ ገጽ አይገዛ አልልም። ግን ዋጋው ሰው ከጻፈው ጋር አንድ መሆን የለበትም፤ ሻጩም እንዴት እንደተጻፈ በግልጽ መናገር አለበት።

ፎቶ ላይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ፎቶ የሚሸጡ ድርጅቶች ምስሎቻቸውን በኢንተርኔት ላይ እያሰሱ የሚያገኝ ሶፍትዌር አላቸው። ያለ ፈቃድ የተጠቀመውን አግኝተው ደብዳቤ ከነክፍያ መጠየቂያው ይልካሉ። ደብዳቤው የሚደርሰው ፎቶውን በለጠፈው ሰው ዘንድ ሳይሆን አሁን ድረ ገጹን በያዘው ሰው ዘንድ ነው። "እኔ አልለጠፍኩትም" ማለት ብዙ አይረዳም፤ አሁን የሚያሳየው የእናንተ ድረ ገጽ ነውና። ሻጩ በሕጋዊ መንገድ ገዝቷቸው ቢሆን እንኳ ብዙዎቹ ፈቃዶች ለገዛው ሰው ብቻ የተሰጡ ናቸው። የተገዙ የዲዛይን ቴሞች (የገጹን መልክ የሚሰጡ ዝግጁ ዲዛይኖች)፣ ፕለጊኖች (ድረ ገጹ ላይ የሚጨመሩ ትናንሽ ፕሮግራሞች) እና ፊደላትም እንዲሁ። እኔ ብሆን ፈቃዱ ያልታየ ፎቶ ሁሉ ከርክክቡ በፊት እንዲነሳ ነው የምጠይቀው። ምርጥ ምርጡ ቢሄድም ይሂድ።

የድረ ገጹን ያለፈ ሕይወት ለማየት ሁለት ቦታ አለ። አንደኛው ከ1996 ጀምሮ ድረ ገጾችን የሚያስቀምጠው የኢንተርኔት አርካይቭ ዌይባክ ማሽን ነው። ዛሬ የጤና ምክር የሚሰጠው ገጽ ከ4 ዓመት በፊት ቁማር ወይም የሐሰት መድኃኒት ይሸጥ እንደነበር እዚያ ታያላችሁ። ሁለተኛው ሉመን የሚባለው ማኅደር ነው። የቅጂ መብቴ ተጣሰ ብለው ሰዎች ለጉግልና ለሌሎችም የላኳቸው ብዙ አቤቱታዎች እዚያ ተሰብስበዋል። የዶሜይኑን ስም አስገብታችሁ ብዙ አቤቱታ ከወጣ፣ የምትገዙት የሰው ጽሑፍ እየገለበጠ የኖረ ገጽ ሊሆን ይችላል።

የሰው መረጃ ስትገዙ

ሻጮች ብዙ ጊዜ በኩራት የሚያወሩት ስለ ኢሜይል ዝርዝራቸው ነው። "40 ሺህ ተመዝጋቢ አለኝ።" እነዚያ ሰዎች ግን ኢሜይላቸውን የሰጡት ለሻጩ ነው፣ ለአንድ ዓላማ። በጂዲፒአር ሥር ፈቃድ እንዴት እንደተሰጠ፣ መቼ እንደተሰጠ፣ ለምን እንደተሰጠ ማሳየት ያስፈልጋል። ይህን ማሳየት የማይቻልበት ዝርዝር ሸክም ነው። ሕጉ የሚፈቅደው ከፍተኛ ቅጣት 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም የዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢ 4 በመቶ ሲሆን፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ይያዛል። ትንሽ ገጽ ላይ ይህ ሁሉ ይመጣል ማለት አይደለም። ግን ሕጉ አውሮፓ ውስጥ ያሉ ሰዎችን ዒላማ አድርጎ የሚሠራን ድረ ገጽ ባለቤቱ የትም ቢኖር ይደርስበታል።

ከዚህ የሚብሰው ገና ያልታወቀ የመረጃ ስርቆት ነው። ማሪዮት የሆቴል ድርጅት በ2016 ስታርዉድ የሚባለውን ሌላ የሆቴል ድርጅት ሲገዛ የስታርዉድ ሲስተም ውስጥ ከ2014 ጀምሮ ሰርጎ ገቦች ነበሩ። ማንም አላወቀም። የታወቀው በ2018 ነው። የብሪታንያ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን በ2019 ባወጣው መግለጫ ማሪዮት በግዢው ጊዜ በቂ ማጣራት አላደረገም አለ፣ በ2020 ደግሞ 18.4 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣው። የተቀጣው በሩን ከፍቶ የተወው ሳይሆን ቤቱን የገዛው ነው። የአሜሪካው የስልክ ድርጅት ቬራይዘን ደግሞ ያሁ የተባለውን የኢንተርኔት ድርጅት ሊገዛ ተስማምቶ ሳለ የያሁ የመረጃ ስርቆት ወጣ፤ እዚያ ግን ክፍያው ገና ስላልተፈጸመ ዋጋው በ350 ሚሊዮን ዶላር ቀነሰ። ልዩነቱ የታወቀበት ጊዜ ነው።

እናንተ የምትገዙት ገጽ ትንሽ ሊሆን ይችላል፣ ነገሩ ግን ያው ነው። የድረ ገጹን ፋይሎች የሚያውቅ ሰው ይይላችሁ። የቆዩ ፕለጊኖች፣ ማን እንደጨመራቸው የማይታወቁ የአስተዳዳሪ አካውንቶች፣ ከሌላ ቦታ እየተጠሩ የሚመጡ ኮዶች ይፈተሹ። በ2024 ፖሊፊል ነጥብ አይኦ የሚባለው ብዙ ድረ ገጾች ኮድ የሚጠሩበት አድራሻ ተሸጦ ባለቤቱ ከተቀየረ በኋላ፣ ከ100 ሺህ በላይ ድረ ገጾች ጎብኚዎቻቸውን ወደ ማጭበርበሪያ ሲያዞሩ ተገኝተዋል። የገጾቹ ባለቤቶች ምንም አልነኩም ነበር።

ገቢው አብሮ ይመጣል?

ይህን በአጭሩ ልበለው። ገጽ ላይ ማስታወቂያ አሳይቶ ለባለቤቱ የሚከፍለው የጉግል አድሴንስ አካውንት ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የራሳችሁን አካውንት ነው የምትከፍቱት፣ ገጹም እንደገና ይታያል። ዶሜይኑ ከዚህ በፊት በማጭበርበር ከአድሴንስ ታግዶ ከሆነ እገዳው ባለቤት ስለተቀየረ ብቻ አይነሳም። የኮሚሽን ሽያጭ ውሎችም የሚተላለፉት ሌላኛው ወገን ሲፈቅድ ነው። ገጹ ጉግል ፍለጋ ላይ ያለበትን ሁኔታ ለባለቤቱ የሚያሳየው የጉግል ሰርች ኮንሶል ውስጥ፣ በጉግል ሠራተኛ እጅ የተጣለ ቅጣት ካለ ይታያል፤ ይህንንም በቪዲዮ ጥሪ አስከፍታችሁ እዩት። የምርት ግምገማ የሚያወጣ ገጽ ከሆነ ደግሞ ግምገማዎቹ እውነተኛ ናቸው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን የሐሰት ግምገማን የሚከለክለው ደንብ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ እየሠራ ነው። እነዚያን ግምገማዎች ይዛችሁ መሥራት ከቀጠላችሁ የእናንተ ሆኑ ማለት ነው።

ውሉና ርክክቡ

ድርጅቱን ነው የምትገዙት ወይስ ንብረቱን ብቻ? ድርጅቱን ከገዛችሁ ዕዳውም፣ ክሱም፣ ያልተከፈለው ግብርም አብሮ ይመጣል። ንብረቱን ለይታችሁ ስትገዙ ያለፈው ዕዳ በአብዛኛው ከሻጩ ጋር ይቀራል፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ለትናንሽ ገጾች እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ውሉ ውስጥ "ድረ ገጹን ሸጫለሁ" የሚል አንድ መስመር አይበቃም። የሚሸጠው ነገር አንድ በአንድ ይዘርዘር። ዶሜይኑ፣ የጽሑፎቹ የቅጂ መብት፣ ሎጎው፣ የንግድ ምልክት ካለ ምልክቱ፣ ኮዱ፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾቹ፣ የኢሜይል ዝርዝሩ። ሻጩ ሙሉ ባለቤት መሆኑን፣ ነገሩ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን፣ ተጋሪ ወይም የተካፋይነት ጥያቄ ያለው ሰው እንደሌለ፣ የሚያውቀው ክስ እንደሌለ በውሉ ያረጋግጥ። ይህ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ካሳ እንደሚከፍልም ይጻፍ። ግን የትኛው አገር ፍርድ ቤት? ሻጩ በሌላ የዓለም ጫፍ ያለ፣ ስሙን እንኳ በመታወቂያ ያላረጋገጣችሁት ሰው ከሆነ ያ የካሳ ቃል ወረቀት ላይ ይቀራል። ለዚህ ነው ከዋጋው የተወሰነውን ለጥቂት ወራት አስቀርቶ ማቆየት ከረጅም ውል የሚሻለው። ከጸሐፊ ወይም ከፎቶ ድርጅት ጥያቄ ከመጣ በእጃችሁ የቀረ ገንዘብ አለ። ዋጋው ከበድ ያለ ከሆነ ደግሞ ጠበቃ ይየው። የጠበቃው ክፍያ ከዋጋው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው።

ገንዘቡ በሦስተኛ ወገን በኩል ይሂድ። ገንዘቡን ይዞ ርክክቡ ሲያልቅ ለሻጩ የሚለቅ ኤስክሮ የሚባል አገልግሎት አለ። የሐሰት ኤስክሮም ሞልቷል፤ ስለዚህ ሻጩ የላከላችሁን ሊንክ ተከትላችሁ አትግቡ፣ አድራሻውን ራሳችሁ ጽፋችሁ ግቡ፣ ፈቃድ ያለው መሆኑንም እዩ። "ሌላ ገዢ አለ፣ ዛሬ ማታ ካልከፈልክ ቀረብህ" የሚል ሻጭ ሲመጣ ደግሞ ይቅርባችሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ርክክቡ ላይ የዶሜይኑ ያዥ ስም ሲቀየር ብዙ ጊዜ ለ60 ቀን ወደ ሌላ መዝጋቢ ማዛወር ይከለከላል። ይህ ስርቆትን ለመከላከል የተቀመጠ ነው፣ አያስደንግጣችሁ። ግን በዚያ ጊዜ ዶሜይኑ በሻጩ አካውንት ውስጥ እንዳይቆይ። እዚያው መዝጋቢ ጋ የራሳችሁን አካውንት ክፈቱና ወደዚያ ይግፋላችሁ። ዶሜይኑ እናንተ አካውንት ውስጥ ሲገባ የያዡ ስም የእናንተ መሆኑን፣ የማሳወቂያ ኢሜይሉም የእናንተ መሆኑን ከፍታችሁ እዩ። የሻጩ የድሮ ኢሜይል የፓስወርድ መልሶ ማግኛ ሆኖ ከቀረ ሻጩ አንድ ቀን ፓስወርድ ቀይሮ መግባት ይችላል። ሆስቲንጉ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት አገልግሎት)፣ የኢሜይል መላኪያው፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾቹ ላይም የሻጩ ስልክ ቁጥር ይወገድ፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫው በእናንተ ስልክ ይሁን። ከዚያ ውጡና እንደገና ግቡ። ሻጩ ሳይረዳችሁ፣ ኮድ ሳይልክላችሁ ሁሉም ቦታ መግባት ከቻላችሁ ያን ጊዜ ኤስክሮውን "ልቀቅለት" በሉት።